መጀመሪያ የመመለሻህን ግዛ

እስቲ ወረቀቱን ወዲህ አዙረው። አንተ ጻፍ፣ እኔ ከኋላህ ቆሜ አነባለሁ። «ጀልባ፣ ሞተር፣ መረብ፣ መንጠቆ» ብለህ ጀምረሃል። ጥሩ ነው፤ አራቱም ዓሣ የሚያመጡ ናቸው። አንተን መልሶ የሚያመጣህን ግን እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ ፈልጌ አጣሁት። ስለዚህ ከላይ ቦታ ተውና «መመለሻ» ብለህ ጻፍ። ከሥሩ የሚገባውን አብረን እንሞላዋለን። ገንዘቡ የሚያልቅ ከሆነ ከታች ያለው ይቅር፣ ከላይ ያለው አይነካ።

ጣና ዳር እንዳደግህ አልረሳሁም፤ እኔም እዚያው ነው ያደግሁት። ውሃ እንደማትፈራ፣ ታንኳ ላይ ቆመህ መረብ እንደምትጥል አውቃለሁ። ግን ስማኝ፣ ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ከከተማችን ከጅቡቲ ወጣ ብሎ ያለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ መሀሉ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ይወርዳል። ጣና ላይ ሞተርህ ቢጠፋ ንፋሱ ወደ አንዱ ዳር ወስዶ ያቆምሃል፤ ገዳም ላይ ብትወጣ እንኳ የሚያበላህ አታጣም። እዚህ ንፋሱ ከየብስ ከመጣ የሚወስድህ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሕንድ ውቅያኖስ ነው። ጨው አለ፣ ውሃው በቀን ውስጥ ይመጣል ይሸሻል፣ ከተራራ የሚበልጡ የሚመስሉ መርከቦች ሌት ተቀን ይመላለሳሉ። ያወቅኸው ሁሉ ይጠቅምሃል፤ አይበቃህም ነው የምልህ።

ከጀልባው በፊት ወረቀት። ይህን ከመጨረሻ አድርገህ እንዳታስበው። እንደኛ ያለ ኢትዮጵያዊ በሰፈራችን በካርቲየ 1 የመኖሪያ ወረቀት ስላለው ብቻ ጀልባ በስሙ አስመዝግቦ ባሕር ሊወጣ ይችላል ብለህ አትገምት። የጅቡቲ ዓሣ ማስገር እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የዓሣ ሀብት ሕግ ነው የሚተዳደረው። ፈቃዱን የሚመለከተው የግብርናና የዓሣ ሀብት ሚኒስቴር ነው፤ የጀልባው ምዝገባ ደግሞ የባሕር ጉዳይ መሥሪያ ቤት። ሁለቱም ዘንድ ሄደህ «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ከጅቡቲያዊ ሸሪክ ጋር ጀልባ ልገዛ ነው፣ ምን ይፈቀድልኛል?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይዘህ ውጣ። ሸሪክህ ጥሩ ሰው ነው፣ ቤተሰቡንም አውቃለሁ። ቢሆንም ጀልባው በእሱ ስም የሚመዘገብ ከሆነ ያንተ ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ሞተሩ የማን እንደሆነ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ቢሞት ድርሻው ለማን እንደሚሄድ ምስክር ባለበት ይጻፍ። ይህ እሱን መጠርጠር አይደለም። ልጆቹንና እናታችንን ማሰብ ነው።

አሁን ወደ ጀልባው። አዲስ አትግዛ። ለመጀመሪያ ጀልባ ከ6 እስከ 7 ሜትር የሆነ፣ ክፍት፣ የፋይበር ሁሪ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ይበቃል። ትልልቆቹን አይተህ ልብህ እንደሚሸፍት ይገባኛል። እነሱ ግን በረዶ ሞልተው ብዙ ሌሊት ለሚያድሩ፣ እስከ ኦቦክና እስከ ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ለሚዘልቁ ናቸው፤ ቤንዚናቸውም እንደዚያው ነው። አንተ የመጀመሪያውን ዓመት ከተማው በሚታይበት ርቀት ነው የምትሠራው። ጠዋት ወጥተህ ቀትር ሳይሆን የምትመለስበት ጀልባ ነው የሚያስፈልግህ።

ስታይ ደግሞ ቀለሙን አትይ። ትናንት የተቀባ ጀልባ ስንጥቅ የተደበቀበት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ወደ ኋላ ሂድና ሞተሩ የሚታሰርበትን ጣውላ እይ። ፋይበር ጀልባ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው፤ ከላይ በፋይበር የተሸፈነ እንጨት ነውና በቡሎን ቀዳዳ ውሃ ገብቶ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ውጪው ግን ደህና ይመስላል። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልክ ከዳር እስከ ዳር አንኳኳው። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፤ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ከዚያ የሞተሩን እግር ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዘው፤ ጣውላው አብሮ ከተነቃነቀ አመስግነህ ተመለስ። ማዕዘኖቹ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ካየህ ደግሞ ከሸክሙ በላይ የሆነ ሞተር ተሸክሞ ኖሯል ማለት ነው።

ከሥር ገልብጣችሁ ወይም በጎን አጋድማችሁ እዩት። አሸዋ ላይ ሲጎተት የኖረ ጀልባ ከሥር ያለው አጥንቱ ይሳሳል፤ ክሩ የሚታይ ከሆነ በሬዚንና በፋይበር ምንጣፍ ይጠገናል፣ ዋጋው ግን ከሽያጩ ላይ ይቀነስልህ። ወለሉ ላይ ቁምና ተረከዝህን ጫን እያደረግህ ተራመድ፤ የሚሰምጥ ቦታ ካለ ወለሉ ከጎኑ ተላቅቋል። የመቀመጫዎቹ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቅ። ፎም ከሆነ ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ በትንሽ ቀዳዳ አረጋግጥ፤ ባዶ ከሆነ ክዳናቸው በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካኖች ከመቀመጫዎቹ ሥር አጥብቀህ እሰር። ጀልባው ውሃ ሞልቶ ቢገለበጥ እንኳ ሳይሰምጥ እንዲንሳፈፍ የሚያደርገው ይህ ነው። ሰው በጀልባው ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ ይገኛል፤ ለብቻው የሚንሳፈፍ ሰው ራስ ግን በሞገድ መካከል ለመታየት በጣም ትንሽ ነው። ይህን «መመለሻ» ከሚለው ሥር ጻፈው።

ሞተር ላይ ነው ሰው የሚከስረው፤ እዚህ ላይ ቀስ እንበል። በወደቡ ብዙ የምታየው ያማሃ ኢንዱሮ ነው፤ ሁለት ምት ያለው፣ ቀላል፣ ማንም ሜካኒክ የሚፈታው። አራት ምቱ ቤንዚን ይቆጥባል፤ ግን መለዋወጫውና የሚያውቀው ሰው በቅርብህ ከሌለ ቁጠባው በአንድ ብልሽት ይጠፋል። ለአንተ ጀልባ 40 ፈረስ ጉልበት ከበቂ በላይ ነው፤ 25ም ይሠራል። 40ው ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ ብረት መሆኑን አትርሳ፤ ማታ ማታ ነቅላችሁ የምታስቀምጡበት የተቆለፈ ቦታ ወደቡ አጠገብ መፈለግ አለባችሁ።

ልታየው ስትሄድ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቅህ። ደርሰህ ስትነካው ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል፤ በቀዝቃዛው እንቢ የሚል ሞተር ነው ማለት ነው። ካንዴላዎቹን አስወጣና የሁለቱንም ሲሊንደር ግፊት በመለኪያ አስለካ። ቁጥሩ ራሱ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ የምትፈልገው ሁለቱ ተቀራራቢ መሆናቸውን ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ ውስጡ ተበልቷል። የታችኛውን የማርሽ ዘይት ጥቂት አፍስሰህ እይ፤ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከጎኑ ውሃ ሳያቋርጥ መትፋት አለበት። ያ ውሃ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነው፤ ከቆመ ፖምፓው ውስጥ ያለችው የጎማ ውልብልቢት አልቃለች ወይም መንገዱ በጨው ተደፍኗል። ጎማዋ ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ጀልባውን እንደገዛህ ምንም ብትመስል ቀይራትና አንድ ትርፍ ያዝ።

ከባሕር በተመለስክ ቁጥር ሞተሩን ጨው በሌለው ውሃ እጠበው። ጣና ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው አላየንም፤ ውሃው ራሱ ጨው የለውማ። እዚህ የደረቀ ጨው በማቀዝቀዣ ውሃ መንገዶቹ ውስጥ ይጋገርና በጥቂት ወራት ይዘጋቸዋል። ግማሽ በርሜል ውሃ፣ ሞተሩ ውስጡ ቆሞ አሥር ደቂቃ ይሥራ። ደክሞህ ስትመጣ፣ ዓሣው ሳይሸጥ፣ ፀሐዩ አናትህ ላይ ሆኖ «ነገ አጥበዋለሁ» የምትልበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን እጠበው።

ቤንዚኑን ስትቀላቅል ለዚህ ዓይነት ሞተር የተለመደው 50 ለ 1 ነው፤ 50 ሊትር ቤንዚን ላይ አንድ ሊትር የሁለት ምት ዘይት። መመሪያው ሌላ ካለ መመሪያውን ስማ። የመኪና ዘይት ግን በምንም ዓይነት አትጨምር። ጀሪካን ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ አይጠፋም፤ ስለዚህ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ በታንከሩና በሞተሩ መካከል አስገባ። አደራ የምልህ ደግሞ ቤንዚን ወደ ቤት እንዳታመጣ ነው። የካርቲየ 1 ቤቶች እንዴት እንደተጠጋጉ ታውቃለህ፤ ጣውላና ቆርቆሮ፣ አንዱ ቤት ከሰል ሲያቀጣጥል ጭሱ ሦስተኛው ቤት ይገባል። አንድ ጀሪካን ከአልጋ ሥር ማስቀመጥ የኛን ቤት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻችንን ልጆች በእሳት አጠገብ ማስተኛት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብታይም ንገረው፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

ቤንዚን ስትጭን በሦስት ክፈለው፤ አንድ እጅ ለመሄጃ፣ አንድ እጅ ለመመለሻ፣ አንድ እጅ ለማይታወቀው። ሦስተኛው እጅ የዓሣ መንጋ ስላየህ የሚነካ አይደለም። ስትሄድ ንፋሱ ከኋላህ ከነበረ ስትመለስ ፊት ለፊትህ ነው፤ ያው መንገድ እጥፍ ሊበላ ይችላል።

አሁን «መመለሻ» ያልነውን እንሙላ። በሰው ቁጥር ልክ የሕይወት አድን ጃኬት፤ መቀመጫ ሥር የሚቀመጥ ሳይሆን የሚለበስ። ሁለት መቅዘፊያ። ከቻልክ ትንሽ ሁለተኛ ሞተር፤ ካልቻልክ ከሌላ ጀልባ ጋር ተጣምረህ ብቻ ውጣ። ኮምፓስ። ቪኤችኤፍ ሬዲዮ፤ 16ኛው ቻናል መርከቡም ጋርድ ኮት የሚባለው የባሕር ጠባቂም የሚሰማው ነው። ስልክህ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ሆኖ አንገትህ ላይ ይንጠልጠል፤ ግን ስልክ ከባሕር ዳር ሲርቅ ይዘጋልና በእሱ አትመን። ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ትንሽ መስታወት። በእጅ የሚያዝ ቀይ የርችት መብራት። መቅጃ ባልዲ፤ በገመድ የታሰረ። እሳት ማጥፊያ። የተሳለ ቢላዋ፤ ገመድ እግር ላይ ሲጠመጠም ለመፍታት ጊዜ የለም። ትርፍ ካንዴላዎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የማስነሻ ገመድ፣ ለውልብልቢቱ የምትገባው ፒን። ውሃ ደግሞ ለአንድ ሰው ቢያንስ 5 ሊትር፤ ለጠዋት ብቻ ብትወጣም። በክረምት እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሞተሩ የቆመበት ሰው የሚሸነፈው ከማዕበሉ በፊት በጥም ነው።

መልህቅ ለብቻው ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ዓሣ ላይ ለመቆም ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። ሞተርህ ጠፍቶ ንፋሱ ወደ ኮራል ሲገፋህ ወይም ወደ ውጭ ሲወስድህ፣ መሬት እስካለህ ድረስ ብሬክህ እሱ ነው። ጫፉ ላይ ጥቂት ሜትር ሰንሰለት ይኑረው፣ ካቦው ደግሞ ከጥልቀቱ አምስት እጥፍ ያላነሰ ይለቀቅ። ያለዚያ መልህቁ መሬቱን አይዝም፣ እየተጎተተ ይሄዳል። አሸዋ ላይ ጣለው። ኮራል ላይ ከጣልከው ካቦህም ይቆረጣል፣ ዓሣው የሚያድርበትንም ቤት ታፈርሳለህ።

ስለ ንፋሱ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አካባቢ ያለው ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ነው፤ ንፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ ይመጣል፣ ጠዋት ለዘብ ብሎ ከሰዓት ይበረታል። ይህ ሞገድ ያስነሳል፣ ቢሆንም ወደ የብስ የሚገፋ ንፋስ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ኸምሲን አለ፤ ከየብሱ በኩል አቧራና ሙቀት ይዞ ይመጣል፣ ባሕሩን ከዳር ስታየው የተኛ ይመስላል፣ አንዴ ከሄድክ ግን ወደ ውጭ እየገፋህ ነው። ጀማሪ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ኸምሲንህ ሽማግሌዎቹ ካልወጡ አትውጣ። የየመን፣ የአፋርና የሶማሌ ዓሣ አስጋሪዎች እዚህ ባሕር ላይ ትውልድ ያሳለፉ ናቸው፤ ጀልባቸው አሸዋ ላይ ተገልብጦ ካየህ ምክንያቱን ጠይቃቸው እንጂ «ዛሬ ለብቻዬ ነው» ብለህ ደስ አይበልህ። ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ይህን ከተማ በጎርፍ ሲሞላ ያዩ ሰዎች ናቸው።

ይህን የንፋስ ዘመን ከኛ ጾም ጋር አስተያየው። የነቢያት ጾምና ሁዳዴ ሁለቱም በቀዝቃዛው ወቅት ነው የሚውሉት፤ ባሕሩ ሲመችህ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ዓሣ የሚጠይቁበት ጊዜ ነው። በጾም ዓሣ የማይበላ ብዙ ምእመን አለ፣ የሚበላም አለ፤ በዚህ ላይ ክርክር አትግባ፣ የሚጠይቅህን ብቻ አቅርብለት። ፍልሰታ ግን ነሐሴ ላይ ኸምሲኑ መሀል ነው። ደንበኛ ደውሎ «ለፍልሰታ አምጣልኝ» ሲልህ የለም ማለት ልመድ። ካለመድክ የምትወጣው ለእሱ ስትል ነው።

በረዶው ላይ ከማንም በላይ እኔን ስማኝ፤ ዓሣ የሚበላሸው ወጥ ቤት አይደለም፣ ጀልባው ላይ ነው። እኔ ለወጥ ቤቱ ጠዋት የምቀበለው ዓሣ ከባሕር ሲወጣ እንዴት እንደተያዘ ከስንጥቡ ቀለምና ከዓይኑ ይታወቀኛል። ሽፋኑ ወፈር ያለ ሳጥን ግዛ፣ ወይም ያረጀ የፍሪጅ ሣጥን አስተካክል፤ ከታች የቀለጠው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ፤ በክረምት ከዚያም በላይ። ትልልቅ ድንጋይ የሚያህል በረዶ ዓሣውን ይቀጠቅጠዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም፤ ፍጨው፣ ከሥር አንጥፍ፣ በመካከል ጨምር፣ ከላይ ሸፍን። ዓሣው እንደወጣ ደሙን አፍስስ፣ ሆዱን አጽዳ፣ በባሕር ውሃ አጥበህ ወዲያው በረዶ ውስጥ አስገባ። ጀልባ ወለል ላይ ፀሐይ ላይ የተኛ ዓሣ እዚህ ከተማ ግማሽ ሰዓት ይበዛበታል።

ቱናና ታዛር በሚባሉት ዓሦች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። እነዚህ ሲሞቁ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ በኋላ ብትቀቅለው፣ ብትጠብሰው፣ እሳት ውስጥ ብትከተው አይጠፋም። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ሰውነቱ ሽፍ ይላል፣ ያስመልሰዋል። ዓሣው አይሸትም ይሆናል። ስለዚህ «ደህና ይመስላል» ብለህ አትሽጥልኝ። ሳይቀዘቅዝ የዋለውን ቱና ጣለው። ኪሳራው ያንተ ይሁን እንጂ ሕመሙ የሰው ልጅ አይሁን።

ሙክባዛ የሚጋግሩት የየመን ምግብ ቤቶች ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው፣ እንደ መጽሐፍ ዘርግተው በሸክላ ምድጃ ነው የሚጠብሱት፤ ስለዚህ ከጀርባ ያልተቀጠቀጠ፣ ሥጋው ጠንካራ፣ መጠኑ ለሰሃን የሚመች ይፈልጋሉ። ሜሩ የሚባለውን ዓሣ ሌላ ሰው ይፈልገዋል፣ ካራንግ የሚባለው ለኛ ወጥ ይሆናል። ከመውጣትህ በፊት ማን ምን እንደሚቀበልህ እወቅ። ሽያጩንም ከቀትር በፊት ጨርስ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከተማ ከገባ በኋላ የሰው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ አንተም ታየዋለህ። የጫት ነገር ከተነሳ፣ ማታ ለሚወጣ ጀልባ የሚቅም መሪ አትቅጠር።

መረቡን ሰርዘው። አዎ፣ ሰርዘው። በእጅ ገመድና በመንጠቆ ጀምር። ጣና ላይ የሆነውን አስታውስ፤ የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዳውያን ድጋፍ ሲገቡ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ባርበስ የሚባለው ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ ሲሰበሰብ ጠብቀው እዚያው መረብ መዘርጋት ጀመሩ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ የዚያ ዓሣ ቁጥር ክፉኛ ወረደ። እዚህ ደግሞ መረብ ከኮራል ጋር ይያዛል፣ ተቆርጦ ከቀረ ለዓመታት እየገደለ ይኖራል፣ ኤሊ ይይዛል። ኤሊና ዱጎንግ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ሙሻ ደሴት ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተከለለ ነው፤ ወሰኑ የት እንደሆነ ፈቃድ ስትጠይቅ አብረህ ጠይቅ። ገመዱ ግን የፈለግኸውን ብቻ ያመጣልሃል። ለታዛር ጥርሱ ሹል ነውና ከመንጠቆው በላይ አንድ ክንድ ያህል ሽቦ አስገባ፣ ጓንት ልበስ። ያ ይበቃል፤ ሌላውን ባሕሩ ላይ ያስተምሩሃል።

ከወደቡ ስትወጣ የመርከቦቹን መንገድ በቀጥታ ቆርጠህ እለፍ፣ መሀሉ ላይ አትቁም። ትልቅ መርከብ ካየህም በኋላ ሊያቆም አይችልም፤ አፍንጫው ሥር ያለ ሁሪ ደግሞ ጨርሶ አይታየውም። ሌሊት ነጭ መብራት ከፍ አድርገህ ስቀል። የጦር መርከብና የጦር ሠፈር አጠገብ ዓሣ ቢዘልም አትጠጋ። ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ በአርታ በኩል ትልቁ ዓሣ ነባሪ ሻርክ ከውሃው ላይ ላዩን ይበላል፤ አይነካህም፣ ውልብልቢትህ ግን ይቆርጠዋል፤ ቀስ በል።

ሂሳቡን አንዴ እንየው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.7 ገደማ ላይ የታሰረ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ሞተር ዋጋ ሲነገርህ በዶላርም በፍራንክም ማነጻጸር አያስቸግርህም። ከያዝከው ገንዘብ ሦስተኛውን እጅ አትንካ፤ ጀልባውን፣ ሞተሩንና መመለሻውን በሁለቱ እጅ ካልቻልክ ጀልባው በዝቶብሃል። ያ የቀረው እጅ ለቤንዚን፣ ለበረዶ፣ ለጥገና፣ ባዶ እጅህን ለምትመለስባቸው ቀናት ነው። ከገቢው መጀመሪያ ቤንዚንና በረዶ ይነሳ፣ የቀረው ለጀልባው፣ ለሞተሩና ለሰዎቹ ይከፈል። የጀልባውና የሞተሩ ድርሻ ያንተ ኪስ እንዳይመስልህ፤ ለሚቀጥለው ሞተር የሚቀመጥ ነው። ከፈለግህ እኔ ዘንድ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ይህን ስትሰማ ወረቀቱን አስቀምጥና ወደኔ ዙር። ጀልባ እንዳለህ በሰፈሩ እንደተሰማ ሰው ይመጣል። የሀገርህ ልጅ ይሆናል፣ ምናልባት የሰፈርህ ልጅ። «ወደ ማዶ አሻግረኝ፣ የመን ብቻ ድረስ» ይልሃል፤ ወይም አንድ ደላላ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይመጣና በአንድ ሌሊት የዓመት ዓሣ የማያመጣውን ይዘረግፍልሃል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኦቦክ ክልል በጎዶርያ ዳርቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባ ተገልብጦ ብዙ ሰው አለቀ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ እንደገና ሰው አለቀ። ለሦስት ሰው የተሠራ ጀልባ ላይ ሠላሳ ሰው ጭነህ ከባብ ኤል መንደብ ሞገድ ጋር የምትታገልበት ዋጋ የለም። ስለ ሕጉና ስለ እስሩ አይደለም የምነግርህ፤ እሱም አለ። እነዚያ ልጆች መዋኘት አይችሉም፤ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ በእግራቸው በረሃ አቋርጠው የመጡ ናቸው፣ ባሕርንም ያዩት በዚያ ሌሊት ነው። የመጣብህን ልጅ ግን አታባርረው። ወደ ቤት አምጣው፣ እንጀራ ይብላ፣ ለእናቱ ይደውል። በፈቃዱ ወደ ሀገሩ መመለስ ለሚፈልግ የስደተኞች ድርጅቱ፣ አይኦኤም፣ ኦቦክ ላይ ቦታ አለው፤ እዚያ የሚደርስበትን መንገድ እንፈልግለታለን። ጀልባህ ላይ ግን ካንተ ጋር ገመድ የሚጥል ካልሆነ ማንም አይውጣ። ይህን በኔ ፊት ማልልኝ።

በል፣ አሁን ጻፍ። ነገ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ጋ ሂድ። መልስ ካገኘህ ዓርብ ጠዋት ጀልባውን ታየዋለህ፤ ለሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሳው ከአሁኑ ንገረው። መለኪያ ያለው ሜካኒክ ይዘህ ሂድ፣ ሻጩ የሚያውቀው ሜካኒክ አይሁን። ገንዘቡን እዚህ ተወው፤ በመጀመሪያው ቀን አይገዛም።